ከምሥራቅ ኮልፋክስ እስከ ዳውንታውን ዴንቨር፦ ስደተኛ ሴቶች የቴክኖሎጂ ኩባንያ እንዲመሠርቱ ሕግ ምን ሊያደርግ ይችላል?

ለሕግ አውጪ ጽሕፈት ቤቶች ባልደረቦችና ለማኅበረሰብ ድርጅቶች ተወካዮች የቀረበ ንግግር ሙሉ ቃል (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)



የኮልፋክስ ጎዳና በዳውንታውን ዴንቨር በኩል አልፎ፣ የኮሎራዶን ምክር ቤት ሕንፃ ታክኮ፣ በስተ ምሥራቅ አውሮራ ይገባል። በአንደኛው ወገን የሶፍትዌር ድርጅቶችና የመዋዕለ ንዋይ ኩባንያዎች ቢሮዎች አሉ። በሌላው ወገን የኢትዮጵያውያንና የኤርትራውያን ምግብ ቤቶች፣ ቡና ቤቶችና የቅመማ ቅመም መደብሮች ይገኛሉ። ሁለቱን የሚያገናኘው 15 ቁጥር አውቶቡስ ነው። በአውሮራ ከአምስት ነዋሪዎች አንዱ ያህል ከአሜሪካ ውጭ የተወለደ ሲሆን፣ በከተማይቱ ከ160 በላይ ቋንቋዎች እንደሚነገሩ ይታወቃል። ይሁን እንጂ በምሥራቁ ጫፍ የምትኖር ሴት በምዕራቡ ጫፍ የራሷን የቴክኖሎጂ ኩባንያ ለመክፈት ብትነሣ፣ አውቶቡሱ ከሚወስደው ጊዜ እጅግ የረዘመ መንገድ ይጠብቃታል።

ስደተኛ ሴት የቴክኖሎጂ ኩባንያ መሥርታ ሲሳካላት በየመድረኩ የሚነገረው ስለ ጽናቷ ነው። ጽናት የሚያስመሰግን ነገር ነው፤ ሆኖም ሌሊት የሆስፒታል ፈረቃ ሠርታ ቀን ልጆቿን የምታሳድግ የአውሮራ እናትም ጽናት አላነሳትም። ልዩነቱ የሚፈጠረው በመንገዷ ላይ ባሉት በሮች ነው፤ እነዚያን በሮች የሚከፍተውም ሆነ የሚዘጋው በአብዛኛው ሕግ ነው። የዚህ ንግግር ዓላማም በሮቹን አንድ በአንድ መቁጠርና የትኛው ከዚህ ጎዳና ላይ ካለው ምክር ቤት ሊከፈት እንደሚችል ማመልከት ነው።

የሳራ መንክር መንገድ

ከኢትዮጵያውያን መካከል ለዚህ ጉዳይ ጎልቶ የሚታየው ምሳሌ ሳራ መንክር ናቸው። ተወልደው ያደጉት በአዲስ አበባ ነው። ወደ አሜሪካ መጥተው በማሳቹሴትስ በሚገኘው ማውንት ሆልዮክ ኮሌጅ ኢኮኖሚክስና የአፍሪካ ጥናት ተማሩ፤ በኋላም ከኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ በንግድ አስተዳደር ማስተርስ ተመረቁ። በዎል ስትሪት በሞርጋን ስታንሊ የሸቀጦች ግብይት ክፍል እስከ ምክትል ፕሬዚዳንትነት ደርሰዋል።

በዚያ ሥራ ላይ ሳሉ አንድ ጉድለት አስተዋሉ። ስለ ነዳጅ ዘይት የተደራጀና የተሟላ መረጃ ሲኖር፣ ስለ ምግብና ስለ እርሻ ያለው መረጃ ግን በየመንግሥታቱ መሥሪያ ቤት ተበታትኖ፣ አንዱ ከሌላው ጋር ሳይገናኝ የሚኖር ነበር። ይህንኑ ክፍተት ለመሙላት ሥራቸውን ለቀው በ2014 ግሮ ኢንተለጀንስ የተባለውን ኩባንያ አቋቋሙ። ኩባንያው የሳተላይት ምስልን፣ የአየር ጠባይን፣ የሰብል ምርትን፣ የንግድንና የዋጋን መረጃ በአንድ ቋት እየሰበሰበ በሰው ሠራሽ አስተውሎት እየመረመረ ትንበያ ያወጣ ነበር። ቢሮዎቹ በኒው ዮርክና በናይሮቢ ነበሩ።

በ2017 በአሩሻ፣ ታንዛኒያ በተካሄደው የቴድ ጉባኤ ላይ ሳራ መንክር በ2027 ዓለም በዓመት 214 ትሪሊዮን ካሎሪ ሊጎድላት እንደሚችል አስጠነቀቁ። በጃንዋሪ 2021 ኩባንያቸው 85 ሚሊዮን ዶላር የመዋዕለ ንዋይ ገንዘብ ሰበሰበ፤ ከመሪዎቹ ባለሀብቶች አንዱ ኢንቴል ካፒታል ነበር። በሜይ 2022፣ የሩሲያና የዩክሬን ጦርነት የስንዴ ገበያን ባናጋበት ወቅት፣ በተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤት ቀርበው በዓለም ያለው የስንዴ ክምችት ለ10 ሳምንታት ያህል ብቻ የሚበቃ መሆኑን ተናገሩ። በ1984 እና በ1985 ረሀብ ስሟ በዓለም የታወቀባት አገር ልጅ፣ በራሷ ኩባንያ መረጃ ተደግፋ ለጸጥታው ምክር ቤት ስለ ምግብ ቀውስ ስታስረዳ ማየት ለኢትዮጵያውያን ትልቅ ትርጉም ነበረው።

ታሪኩ ግን በዚህ አላበቃም። በ2024 መጀመሪያ ሳራ መንክር ከዋና ሥራ አስፈጻሚነት ወረዱ፤ በዚያው ዓመት አጋማሽ ኩባንያው የሚያስፈልገውን አዲስ ገንዘብ ማግኘት ተስኖት ሥራውን አቆመ። ይህን መሸሸግ አያስፈልግም። የቴክኖሎጂ ኩባንያዎች በብዛት የሚዘጉ ናቸው፤ ብዙ ባለሙያዎችን ቀጥሮ፣ አዲስ ዕውቀት ፈጥሮ፣ ለአሥር ዓመት ያህል ቆይቶ የተዘጋ ኩባንያ ለኢኮኖሚው ያበረከተው አብሮት አይጠፋም። ለፖሊሲ አውጪ የሚነሣው ጥያቄ ሌላ ነው፦ ኩባንያ ሲዘጋ መሥራቿ እንደገና የመሞከር ዕድል ይኖራታል ወይስ ከኩባንያዋ ጋር የመኖሪያ ፈቃዷንም ታጣለች?

ከኢትዮጵያ ጎረቤት ከሱዳን ቤተሰብ የተገኙት ሐኪም ኢማን አቡዘይድም ሊጠቀሱ ይገባል። እርሳቸው በ2017 ከሌላ ባልደረባ ጋር የመሠረቱት ኢንክሬዲብል ሄልዝ ነርሶችን ከሆስፒታሎች ጋር የሚያገናኝ ድርጅት ሲሆን፣ በ2022 ባለሀብቶች የ1.65 ቢሊዮን ዶላር ዋጋ ሰጥተውታል። የነርስነት ሙያ በአውሮራ ኢትዮጵያውያት ዘንድ ምን ያህል የተለመደ እንደሆነ የሚያውቅ ሁሉ፣ እንዲህ ያለው ሐሳብ ከዚህ ከተማ ሊፈልቅ ይችል እንደነበር አይጠራጠርም።

እነዚህ ሴቶች ብቸኞች አይደሉም። የአሜሪካ ፖሊሲ ብሔራዊ ፋውንዴሽን በ2022 ባወጣው ጥናት መሠረት፣ ቢሊዮን ዶላርና ከዚያ በላይ ዋጋ ከነበራቸው 582 የአሜሪካ ስታርታፖች መካከል 319ኙ፣ ማለትም 55 በመቶው፣ ቢያንስ አንድ ስደተኛ መሥራች ነበራቸው። በአንጻሩ በአሜሪካ ከሚፈሰው የቬንቸር ካፒታል ገንዘብ ሴቶች ብቻ ለመሠረቷቸው ኩባንያዎች የሚደርሰው 2 በመቶ ያህል ነው። ስደተኛ መሆን በራሱ ኩባንያ ከመመሥረት እንደማያግድ የመጀመሪያው ቁጥር ያሳያል፤ ሴት መሆን ከገንዘቡ ደጃፍ ምን ያህል እንደሚያርቅ ደግሞ ሁለተኛው ይመሰክራል።

የመጀመሪያው በር፦ የመኖሪያ ፈቃድ

አሜሪካ ለኩባንያ መሥራቾች የተለየ ቪዛ የላትም። በኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ የኮምፒዩተር ሳይንስ ትምህርቷን የጨረሰች የውጭ አገር ተማሪ ለ12 ወራት፣ ሙያዋ በሳይንስና በቴክኖሎጂ ዘርፍ በመሆኑም ለተጨማሪ 24 ወራት መሥራት ትችላለች። ከዚያ በኋላ የሚጠብቃት የኤች-1ቢ ዕጣ ነው። የዓመቱ ኮታ 65,000 ሲሆን፣ በአሜሪካ ማስተርስና ከዚያ በላይ ለተማሩ 20,000 ይጨመራል። ከጃንዋሪ 2025 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው ደንብ የኩባንያ ባለቤት የሆነ ሰው በራሱ ኩባንያ አማካይነት ኤች-1ቢ ሊያገኝ እንደሚችል በግልጽ ደንግጓል፤ ነገር ግን የመጀመሪያው ፈቃድና የመጀመሪያው ዕድሳት እያንዳንዳቸው በ18 ወራት የተገደቡ ናቸው። ኩባንያው ቢዘጋ ደግሞ ባለ ኤች-1ቢዋ ሌላ መንገድ እንድትፈልግ የሚሰጣት ጊዜ ቢበዛ 60 ቀን ነው።

ሁለተኛው አማራጭ ዓለም አቀፍ የሥራ ፈጣሪዎች ደንብ የሚባለው ነው። ይህ ደንብ በጃንዋሪ 2017 ወጥቶ፣ ተግባራዊነቱ እንዲዘገይ ተደርጎ፣ በዚያው ዓመት መጨረሻ በፍርድ ቤት ውሳኔ ሕይወት ዘርቶ፣ በ2018 እንዲሻር ሐሳብ ቀርቦበት፣ በ2021 ደግሞ የመሻሩ ሐሳብ ተነሥቶለታል። ከኩባንያዋ ቢያንስ 10 በመቶ ድርሻ ያላት መሥራች እስከ 30 ወራት፣ ሲታደስም ተጨማሪ 30 ወራት በአሜሪካ እንድትቆይ ሊፈቅድላት ይችላል። ከኦክቶበር 2024 ጀምሮ የተጠየቀው መነሻ ብቁ ከሆኑ የአሜሪካ ባለሀብቶች የተገኘ 311,071 ዶላር፣ ወይም ከመንግሥት አካላት የተሰጠ 124,429 ዶላር ድጎማ ነው።

የኮሎራዶ ሕግ አውጪዎች ልብ ሊሉት የሚገባው ይህ የመጨረሻው ቁጥር ነው። ደንቡ "የመንግሥት ድጎማ" ሲል የፌዴራሉን ብቻ ሳይሆን የክፍለ ግዛትንና የከተማ አስተዳደርን ድጎማ ይጨምራል። ኮሎራዶ ደግሞ በ2013 በወጣ ሕግ የተቋቋመ፣ በላቁ ኢንዱስትሪዎች ለተሰማሩ ጀማሪ ኩባንያዎች እስከ 250,000 ዶላር የሚሰጥ የድጎማ መርሐ ግብር አላት። ስለዚህ ክፍለ ግዛቱ ቪዛ የመስጠት ሥልጣን ባይኖረውም፣ የሚሰጠው ድጎማ የፌዴራሉን በር ለማንኳኳት ሊያገለግል ይችላል። ያም ሆኖ ፈቃዱ በአስተዳደሩ ፈቃደኝነት ላይ የተንጠለጠለ እንጂ የነዋሪነት መብት አለመሆኑ መዘንጋት የለበትም። ዘላቂው መፍትሔ በኮንግረስ የሚጸድቅ የመሥራቾች ቪዛ ነው።

ሁለተኛው በር፦ የተማሩትን ማስቆጠር

በዲቪ ዕጣ፣ በቤተሰብ ጥሪ ወይም በጥገኝነት የመጣች ሴት የሥራ ፈቃድ አላት። ለእርሷ የሚዘጋው ሌላ በር ነው። በአዲስ አበባ ወይም በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ምሕንድስና ተምራ፣ በቴሌኮም ወይም በባንክ የመረጃ ሥርዓት ሠርታ የመጣች ባለሙያ፣ ዴንቨር ስትደርስ ዲግሪዋ የሚነበብላት ሰው አታገኝም። የቤት ኪራዩ ስለማይጠብቅ ያገኘችውን ሥራ ትይዛለች፤ ሁለት ሦስት ዓመት ካለፈ በኋላ ደግሞ በሥራ ታሪኳ ላይ የተፈጠረው ክፍተት ራሱ ሌላ እንቅፋት ይሆንባታል። በሳራ መንክር መንገድ ላይ የአሜሪካ ኮሌጅና የዎል ስትሪት ሥራ ያደረጉት አስተዋጽኦ እዚህ ላይ ይገለጣል፤ ዕውቀታቸው ያለ ተርጓሚ እንዲነበብ አስችሏል።

በዚህ ረገድ ኮሎራዶ ከብዙ ክፍለ ግዛቶች ቀድማለች። በ2021 የጸደቀው ሕግ የሙያ ፈቃድ የኢሚግሬሽን ሁኔታ ሳይጠየቅ እንዲሰጥ አድርጓል። በዚያው ዓመት የአዳዲስ አሜሪካውያን ጽሕፈት ቤት በሕግ ተቋቁሟል። በኤፕሪል 2022 የክፍለ ግዛቱ አገረ ገዥ ባወጡት ትእዛዝ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ቅጥር ከዲግሪ ይልቅ በችሎታ ላይ እንዲመሠረት ተወስኗል። የአውሮራ ከተማም ከ2015 ጀምሮ የስደተኞች ጉዳይ ጽሕፈት ቤት አላት። የቀረው እነዚህን እርምጃዎች ከቴክኖሎጂ ሥራ ጋር ማገናኘት ነው። ለሶፍትዌር ባለሙያ የሙያ ፈቃድ አያስፈልጋትም፤ የሚያስፈልጋት በዚህ አገር የተሠራ የመጀመሪያ ሥራና ስለ እርሷ የሚመሰክር የመጀመሪያ አሠሪ ነው።

እናት ከሆነች ደግሞ ጊዜዋም ይቆጠራል። ከ2023 ጀምሮ ኮሎራዶ ለአራት ዓመት ሕፃናት ያለ ክፍያ የምትሰጠው ቅድመ መደበኛ ትምህርት ለብዙ ቤተሰቦች በሳምንት ለ15 ሰዓታት ያህል ነው። ይህ ትልቅ እፎይታ ቢሆንም፣ የምሽት ሥልጠና የምትከታተልን ወይም በፈረቃ የምትሠራን እናት ሰዓት አይሸፍንም።

ሦስተኛው በር፦ ገንዘብ

ኩባንያ ሲመሠረት የመጀመሪያው ገንዘብ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ከራስ ቁጠባ፣ ከቤተሰብና ከወዳጅ ነው። ወዳጆቿ ሁሉ እንደ እርሷ አዲስ ገቢ ለሆኑባት ሴት ይህ ምንጭ ጠባብ ነው። ባንክ ሄዳ ብትጠይቅ የክሬዲት ታሪኳ አጭር ነው ትባላለች። ያቺው ሴት ግን ዓመታት ሙሉ አንድ ሳምንት ሳታጓድል ዕቁብ ጥላለች። ዳኛውና ጸሐፊው ይመሰክሩላታል፤ ባንኩ ግን ይህን ምስክርነት የሚጽፍበት ቦታ የለውም። አባቶች "ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ" ያሉት እንዲህ ያለውን መደጋገፍ ነው። ሕዝቡ የብድር ታማኝነትን የሚለካበት የራሱ ሥርዓት እያለው፣ በሕግ ፊት ግን ታሪክ የሌለው ሆኖ ይቆጠራል።

ለዚህ መፍትሔ ከሌላ ክፍለ ግዛት ልምድ መውሰድ ይቻላል። በሳን ፍራንሲስኮ በ2007 የተቋቋመው ሚሽን አሴት ፈንድ፣ ከዕቁብ ጋር የሚመሳሰሉ የስደተኞችን የቁጠባ ክበቦች በውል መዝግቦ፣ ክፍያው ለክሬዲት ድርጅቶች ሪፖርት እንዲደረግ አደረገ። ካሊፎርኒያም በ2014 ባወጣችው ሕግ ለእንዲህ ያለው ከወለድ ነፃ አነስተኛ ብድር ሕጋዊ መሠረት ሰጠች። ኮሎራዶ በ2021 ለጀማሪ ድርጅቶች የሚውል የብድር መርሐ ግብር በሕግ አቋቁማለች። በዚህ ላይ የዕቁብና የቤት ኪራይ ክፍያ እንደ ማስረጃ እንዲቆጠር ቢደረግ፣ አዲስ ተቋም ሳያስፈልግ በሩ ይሰፋል። ወለድ በሃይማኖታቸው ለማይፈቀድላቸው ሙስሊም እኅቶችም አማራጭ ይፈጥራል።

ሕግ በር እንደሚከፍት በዚሁ ከተማ ታይቷል

ይህ ሁሉ ምኞት ብቻ ነው የሚል ካለ፣ የዴንቨርን የታክሲ ታሪክ መመልከት ይበቃዋል። እስከ 2008 ድረስ በዴንቨር አዲስ የታክሲ ድርጅት ለማቋቋም የሚፈልግ ሰው፣ ድርጅቱ ለሕዝብ አስፈላጊ መሆኑን በራሱ ማስረዳት ነበረበት፤ ነባሮቹ ኩባንያዎችም ይቃወሙ ነበር። በዚያ ዓመት ምክር ቤቱ ሕጉን አሻሽሎ፣ አዲሱ ድርጅት ሕዝብን ይጎዳል የሚለውን የማስረዳት ሸክም ወደ ተቃዋሚዎቹ አዛወረው። ብዙም ሳይቆይ በአብዛኛው ከምሥራቅ አፍሪካ የመጡ 262 ሾፌሮች ዩኒየን ታክሲ የተባለውን የኅብረት ሥራ ማኅበር አቋቋሙ። ለሌላ ሰው ኩባንያ የሳምንት ኪራይ ይከፍሉ የነበሩ ሰዎች በአንዲት የሕግ ማሻሻያ ምክንያት የድርጅት ባለቤቶች ሆኑ።

ቀጥሎ የመጣው ግን ሌላ ትምህርት ይሰጣል። በ2014 ኮሎራዶ በስልክ መተግበሪያ ለሚሠሩ የትራንስፖርት ኩባንያዎች በሕግ ፈቃድ በመስጠት ከክፍለ ግዛቶች ሁሉ የመጀመሪያዋ ሆነች። መኪናው የሾፌሩ ነበር፤ መተግበሪያው ግን በሌላ ከተማ ያለ ኩባንያ ንብረት ነበር። የታክሲው ገበያ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ተናጋ። የቴክኖሎጂ ባለቤትነት የሌለው ሠራተኛ ያገኘውን የባለቤትነት መብት በቀላሉ ሊያጣ እንደሚችል ከዚህ በላይ ማስረጃ አያስፈልግም።

በ2024 ለዚህ መልስ የሚሆን ጅምር ታየ። ሾፌሮች በባለቤትነት የያዙት የራሱ መተግበሪያ ያለው ድራይቨርስ ኮኦፐሬቲቭ ኮሎራዶ በዴንቨር ሥራ ጀመረ። ድርጅቱ እንዲቋቋም ካገዙት ተቋማት አንዱ የሮኪ ማውንቴን የሠራተኞች ባለቤትነት ማዕከል ሲሆን፣ ያኔ ማዕከሉን ይመሩ የነበሩት ሚንሰን ጂ ከኮሪያ የመጡ ሴት ናቸው። ስለዚህ ስደተኛ ሴት የምትመራው የቴክኖሎጂ ጥረት ሁልጊዜ የአንዲት መሥራችና የቢሊዮን ዶላር ታሪክ መሆን የለበትም፤ ብዙዎች በጋራ የሚይዙት ድርጅትም ሊሆን ይችላል።

ምክረ ሐሳቦች

ከዚህ በላይ ከተባለው በመነሣት ለሕግ አውጪዎች አምስት ነጥቦች ይቀርባሉ።

1. የላቁ ኢንዱስትሪዎች ድጎማ መርሐ ግብር ለስደተኛ መሥራቾች የሚሰጠው ድጎማ ከፌዴራሉ የሥራ ፈጣሪዎች ደንብ መስፈርት ጋር እንዲጣጣም ይደረግ፤ ለአመልካቾችም አስፈላጊው የማረጋገጫ ደብዳቤ ይሰጥ።

2. የክፍለ ግዛቱ የጀማሪ ድርጅቶች ብድር በውል የተመዘገበ ዕቁብንና የቤት ኪራይ ክፍያን እንደ ብድር ታማኝነት ማስረጃ ይቀበል፤ የካሊፎርኒያ የ2014 ሕግም ለረቂቁ መነሻ ይሁን።

3. የአዳዲስ አሜሪካውያን ጽሕፈት ቤት በውጭ አገር በኮምፒዩተርና በምሕንድስና ለተመረቁ ሰዎች በመንግሥት የቴክኖሎጂ ክፍሎች ውስጥ ደመወዝ የሚከፈልበት የስድስት ወር የሥራ ልምምድ ያመቻች። በ2022 የወጣው የቅጥር ትእዛዝ ለዚህ መሠረት ይሆናል።

4. በመንግሥት ገንዘብ የሚሰጡ የሥራ ፈጠራ ሥልጠናዎች የሕፃናት ማቆያ ያላቸውና የአማርኛ፣ የትግርኛ፣ የኦሮምኛና የሶማልኛ አስተርጓሚ የተመደበላቸው ይሁኑ፤ በዳውንታውን ብቻ ሳይወሰኑም በአውሮራ ይሰጡ።

5. የኮሎራዶ የኮንግረስ ልዑካን የመሥራቾች ቪዛ ሕግ እንዲጸድቅ ድምፃቸውን ያሰሙ፤ በሕጉም ኩባንያዋ የተዘጋባት መሥራች ሌላ ለመጀመር ወይም ሥራ ለመያዝ ቢያንስ አንድ ዓመት ይሰጣት።

የማኅበረሰብ ድርጅቶች ድርሻም ቀላል አይደለም። የምክር ቤት አባል ጽሕፈት ቤት የሚያንቀሳቅሰው የተጻፈና የተመሰከረ ጉዳይ ነው። በእያንዳንዱ የምርጫ ወረዳ ዲግሪዋ ሳይነበብላት የቀረች፣ ብድር የተከለከለች፣ ኩባንያ ጀምራ በፈቃድ ምክንያት ያቆመች ሴት ትኖራለች። በፈቃዷ ታሪኳ ተመዝግቦ ለሕዝብ አስተያየት በሚሰጥባቸው ችሎቶች ይቅረብ። የኮሎራዶ ምክር ቤት ጉባኤ በየዓመቱ በጃንዋሪ ተከፍቶ በ120 ቀናት ውስጥ ይዘጋል፤ ረቂቅ ሕግ ደግሞ የሚዘጋጀው ከዚያ በፊት በመኸሩ ወራት ነው። ሥራው መጀመር ያለበትም ያኔ ነው።

ሳራ መንክር በአዲስ አበባ ሲወለዱ የያዙት ተሰጥዖ ዛሬ በአውሮራ ትምህርት ቤቶች ከሚማሩት ልጃገረዶች ተሰጥዖ የተለየ ላይሆን ይችላል። ከእነዚህ አንዷ ነገ በዳውንታውን ዴንቨር የኩባንያዋን ስም በር ላይ ብታጽፍ፣ ጽናቷን ማመስገን ተገቢ ይሆናል። እስከዚያ ድረስ ግን የሕግ አውጪው ሥራ በሩ እንዳይቆለፍባት መጠበቅ ነው።